መለኪያ ስጨምር መተግበሪያው ባሰበት፤ የአፈጻጸም መረጃን ወደ ጊዜ ተከታታይ ዳታቤዝ እንዴት ብልክ ይሻላል?

ባሶና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መረከቢያ የድረ ገጽ መተግበሪያ ሠርቼ አስረክቤአለሁ። መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ ሸዋ ሮቢትና ሌሎች ሦስት ቦታዎች ያሉ ሚዛን ያዦች የእያንዳንዱን ገበሬ እህል መዝነው በስልካቸው ያስገባሉ፤ ደረሰኙም ወዲያው ይወጣል። ወዲያው መውጣት ነበረበት ማለት ይሻለኛል። አዲሱ እህል መግባት ከጀመረ ወዲህ በየገበያው ቀን ከመሐል ሜዳ ይደወልልኛል፦ «ገጹ ይሽከረከራል፤ ሰው ተሰልፏል።»

እኔ ሳየው ግን ደህና ነው። መተግበሪያው በፓይተን ተጽፏል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ በተከራየነው ባለ 2 ጊጋባይት ራም ሰርቨር ላይ ናቸው። ሰርቨሩ የሚመዘግበውን ፋይል ደምሬ ሳካፍለው አማካይ የምላሽ ጊዜ 310 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ቁጥር ሰው ሊማረር አይገባም።

እውነቱን ለማወቅ ብዬ ቢሯችን ውስጥ ባለች ኮምፒውተር ላይ ኢንፍሉክስ ዲቢን (እያንዳንዱን ቁጥር ከተለካበት ጊዜ ጋር የሚያስቀምጥ የጊዜ ተከታታይ ዳታቤዝ) እና ግራፋናን (ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም) ጫንሁ፤ ከሰርቨሩም ጋር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) አገናኘኋት። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የፈጀበትን ጊዜ በኤችቲቲፒ ወደዚህች ኮምፒውተር እንዲልክ አደረግሁ። ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛው፣ ዳታቤዙ በየጊዜው 204 ብሎ መቀበሉን ይነግረኛል፤ ሰሌዳው ግን ባዶ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ዓርብ ከሰዓት ቢሯችን መብራት ሲጠፋ አዲስ አበባ ያለው መተግበሪያ አብሮ ቆመ። ስድስቱም ቦታ ሥራ ፈታ። መብራት የጠፋው እኔ ዘንድ፣ ገበሬው አህያውን ይዞ የቆመው መሐል ሜዳ። በጣም አዘንሁ። መለኪያውን ነቅዬ ወደ እናንተ መጣሁ።

በረኸት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ባዶው ሰሌዳ ቀላል ነው። ጊዜውን በሰከንድ ልከኸው ይሆናል። ኢንፍሉክስ ዲቢ ሌላ ካልነገርኸው በቀር የሚጠብቀው ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ነው። ከፓይተን ያገኘኸውን 1730000000 እንዳለ ብትሰጠው፣ ኮምፒውተር ጊዜ ከሚቆጥርበት መነሻ 1.73 ሰከንድ ያለፈ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የቆጠራው መነሻ ደግሞ በፈረንጅ 1970 ጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። መረጃህ አልጠፋም። አንተ ያለፉትን ስድስት ሰዓታት ስትመለከት፣ እርሱ በጃንሆይ ዘመን ተቀምጧል። የሰሌዳውን መነሻ ጊዜ ወደዚያ ብትወስደው ታገኘዋለህ።

ትክክለኛው መስመር ይህን ይመስላል፦

ቆይታ,መንገድ=ሚዛን,ቅርንጫፍ=መሐል_ሜዳ ሚሊሰከንድ=412 1730000000000000000

ከመጀመሪያው ክፍት ቦታ በፊት የመለኪያው ስምና መለያዎቹ አሉ፤ መለያዎቹ ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ስለሚደረግባቸው በእነርሱ መፈለግና መመደብ ትችላለህ። ቀጥሎ የሚለካው እሴት፣ መጨረሻ ላይ 19 አሃዝ ያለው ጊዜ። ስሞቹን በፊደላችን ብትጽፍም ይቀበላል፤ መለያዎቹን የምትለያይበት ግን የእኛ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን የላቲኑ ኮማ መሆን አለበት። ከኮማውም በኋላ ክፍት ቦታ አታስገባ። እኔ በዚህች አንድ ክፍት ቦታ ምክንያት ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

ጣርማበር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ ባሶና፣ በረኸት ያለው ትክክል ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ነገር ነው።

ሚዛን ያዡ ደረሰኝ እየጠበቀ ሳለ መተግበሪያህ መጀመሪያ ቢሮ ድረስ ሄዶ «ይህን መዝግብልኝ» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝም ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከወዲያ በኩል «እምቢ» የሚል እንኳ የለም። ዝምታ ብቻ ነው። እምቢታ ቶሎ ያሰናብታል፤ ዝምታ ግን የጊዜ ገደብ ካላበጁለት ያስቀራል። መተግበሪያህ አራት ወይም አምስት ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ከሆነ፣ አምስት ሰው ሲመጣ አምስቱም በር ተዘጋ ማለት ነው። ስድስተኛው ውጭ ነው።

የጊዜ ገደብ ማበጀት የመጀመሪያው እርዳታ ነው፤ አሁኑኑ አድርገው። መፍትሔው ግን መላኩን ከደንበኛው መንገድ ላይ ማንሳት ነው። ኤትሲ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ስታትስዲ የተባለውን የመለኪያ ሰብሳቢ በ2011 ለሕዝብ ሲለቅ ዩዲፒን (መልስ ሳይጠብቅ የሚልክ የመላኪያ ዘዴ) የመረጠው ለዚሁ ነበር። መተግበሪያው ቁጥሩን ወርውሮ ይሄዳል፤ ተቀባይ ኖረም አልኖረም ወደ ሥራው ይመለሳል። ቴሌግራፍ የተባለውን ወኪል እዚያው አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ጫንና በስታትስዲ በር፣ ማለትም ፖርት 8125 ላይ እንዲያዳምጥ አድርገው። ከመተግበሪያው ወደ ወኪሉ ያለው መንገድ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እንደመሄድ ስለሆነ ከዩዲፒ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ሰብስቦ፣ ጠቅልሎ፣ ወደ ቢሮህ የሚልከውና መልስ የሚጠብቀው ወኪሉ ይሁን። እርሱ ቢጠብቅ ማንም አይጎዳም።

ጓሳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ ጣርማበር ስለ ዩዲፒ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ጭራሽ መላክ ለምን አስፈለገ እላለሁ። ፕሮሚቲየስ የተባለው የጊዜ ተከታታይ ዳታቤዝ በ2012 ሳውንድክላውድ በተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ ኩባንያ ውስጥ ሲጀመር ነገሩን ገልብጠው ነው ያሰቡት፤ መተግበሪያው ቁጥሮቹን ራሱ ዘንድ ይይዛል፣ ዳታቤዙ በየ15 ሰከንዱ ወይም በየደቂቃው መጥቶ ያነባል። ቢሮው ሲጨልም አንባቢው ይቀራል እንጂ መተግበሪያው ምንም አያውቅም። ባሶና ዓርብ ዕለት የደረሰበት ነገር ከሥሩ ሊፈጠር አይችልም ነበር።

«መብራት በጠፋበት ሰዓት የነበረው ይጠፋል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በከፊል ነው የሚጠፋው። ቆጣሪዎቹ ወደ ላይ ብቻ ስለሚሄዱ፣ መብራት ሲመለስ ከመጨረሻው ንባብ ቀንሰህ በጨለማው ጊዜ ስንት ጥያቄ እንደመጣ፣ ከእነርሱም ስንቱ ከ2.5 ሰከንድ በላይ እንደፈጀ ታገኛለህ። የማታገኘው በየትኛው ደቂቃ እንደሆነ ነው። መተግበሪያው በመካከል ተነሥቶ ዳግም ካልጀመረ ማለቴ ነው።

በረኸት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እህቴ ጓሳ፣ ለባሶና ግን ወሳኙ ደቂቃው ነው። ገበያው የሚጨናነቀው ለሁለት ሦስት ሰዓት ነው፤ ልክ ያን ጊዜ መብራት ከጠፋ «በሦስት ሰዓት ውስጥ 200 ጥያቄ ዘገየ» የሚል ድምር አይበቃውም።

ቴሌግራፍ መላክ ሲያቅተው ማቆያ አለው። ያለ ማስተካከያ 10,000 መስመር ይይዛል፤ ሲሞላ አሮጌውን ይጥላል። ባሶና በየ10 ሰከንዱ 40 መስመር ቢያወጣ፣ 10,000 ለ40 ሲካፈል 250 ዙር፣ ማለትም ወደ 41 ደቂቃ ነው። ለእኛ አገር የመብራት መጥፋት 41 ደቂቃ ምን ይሆናል! ማቆያውን ወደ 100,000 ብታሳድገው ሰባት ሰዓት ሊሞላው ምንም አይቀረው፤ ራም ግን ይበላል፣ ያለህም 2 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ዙሩን በየደቂቃው አደርገዋለሁ። በዚያው 10,000 አራት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ትቆያለህ። የእህል ሚዛን በየ10 ሰከንዱ መታየት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልብ በል፤ ማቆያው ራም ላይ ስለሆነ ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሞጃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ተማሪ ነኝ፤ ጥያቄዬ ያልበሰለ ቢሆን ይቅርታ። ፖስትግሬስ አስቀድሞ ካለ ለምን አንድ ሠንጠረዥ ጨምሮ እዚያው አይመዘግብም? ታይምስኬል ዲቢ የሚባለው የጊዜ ተከታታይ ቅጥያም በዚያው ላይ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጣርማበር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጥያቄህ የበሰለ ነው። ስድስት ቦታ ላለው ሥራ ተራ ሠንጠረዥም ይበቃ ነበር፤ ታይምስኬልንም እወደዋለሁ። ችግሩ ቦታው ነው። ታማሚውና ሐኪሙ በአንድ አልጋ ከተኙ፣ ፖስትግሬስ በተጨነቀ ሰዓት መለኪያውም ይጨነቃል፤ ይበልጥ ማየት በምትፈልግበት ደቂቃ ትታወራለህ። በሌላ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ፖስትግሬስ ከሆነ አልቃወምም።

የጊዜ ተከታታይ ዳታቤዞችን የሚለያቸው ሌላው ነገር መጠቅለያቸው ነው። ተከታታይ ቁጥሮች እርስ በእርስ ስለሚመሳሰሉ የሚቀመጠው ልዩነታቸው ብቻ ነው። የፌስቡክ መሐንዲሶች ጎሪላ ስለሚሉት ሥርዓታቸው በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ 16 ባይት የሚይዘውን አንድ ነጥብ በአማካይ ወደ 1.37 ባይት እንዳወረዱት አሳይተዋል። የባሶናን ሒሳብ በልግስና 3 ባይት አድርገን እንሥራው። በየ10 ሰከንዱ 40 መስመር፣ በያንዳንዱ 6 እሴት ቢኖር በቀን 2 ሚሊዮን ከ70 ሺህ ገደማ እሴት ነው፤ 6 ሜጋባይት። በዓመት 2 ጊጋባይት ከትንሽ በላይ ነው። ያቺ አሮጌ ኮምፒውተር ትችለዋለች።

ባሶና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቴሌግራፍን ጫንሁ፣ ዙሩን በየደቂቃው አደረግሁ፣ ናኖሰከንዱንም አስተካከልሁ። ሰሌዳው ሕይወት ዘራ! ለመፈተን ሆን ብዬ የቢሮውን ኮምፒውተር ለ20 ደቂቃ አጠፋሁት፤ መተግበሪያው ምንም አልተሰማውም፣ ስመልሰውም ክፍተቱ ተሞላ።

መለያ ያደረግኋቸው እነዚህ ናቸው፦ ቅርንጫፍ፣ የገጹ አድራሻ፣ የምላሽ ኮድ፣ የገበሬው ስልክ ቁጥር። የስልክ ቁጥሩን የጨመርሁት ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ለይቼ ለማየት ነው። ከሰዓት ጀምሮ ግን የኮምፒውተሯ ራም እየሞላ ነው።

ጓሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡44

ባሶና፣ የስልክ ቁጥሩን ዛሬ ሳትተኛ አውጣው።

በዳታቤዙ ዓይን እያንዳንዱ የመለያዎች ጥምረት አንድ ራሱን የቻለ ተከታታይ ነው። 6 ቅርንጫፍ፣ 12 ገጽ፣ 5 የምላሽ ኮድ ሲባዙ ቢበዛ 360 ይሆናሉ። 3,000 ገበሬ በዚያ ላይ ብታባዛ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ኢንዴክሱ ይህን ሁሉ ለመያዝ ሲል ነው ራምህን የበላው። በፕሮሚቲየስም ቢሆን ያው ይደርስብህ ነበር፤ ይህ በዘርፉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። የገጹንም አድራሻ ተመልከት። ሚዛን/4817 እና ሚዛን/4818 ብሎ የሚመዘግብ ከሆነ ቁጥሩን ቁረጥና «ሚዛን» ብቻ አድርገው፤ አለበለዚያ በእያንዳንዱ ደረሰኝ አዲስ ተከታታይ ይወለዳል።

ከራሙ በላይ ደግሞ ይህ የሰው ስልክ ነው። ገበሬው ቁጥሩን የሰጠው ለደረሰኙ እንጂ ለሰሌዳህ አይደለም። የአንድን ሰው ቅሬታ መከታተል ከፈለግህ መዝገቡ ፋይል አለልህ፤ መለኪያ የብዙኃንን ነገር የምታይበት ነው።

ባሶና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ልክ ነሽ። አወጣሁት፤ የተመዘገበውንም ደመሰስሁት።

መሐል ሜዳ ያሉትን ሚዛን ያዣችንን ወደዚህ ክር ጋብዣቸዋለሁ። ከቁጥሩ በፊት እርሳቸውን መስማት ነበረብኝ።

ሚዛን ያዥ፣ መሐል ሜዳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እንደምን አላችሁ ልጆቼ። የኮምፒውተሩን ነገር አላውቅም፤ የማየውን ልንገራችሁ።

ዋጋ የሚያሳየው ገጽ ቶሎ ይከፈታል። ገበሬው ሁሉ እርሱን ነው ደጋግሞ የሚያስከፍተኝ፤ ገብስ ስንት ገባ፣ ባቄላ ስንት ገባ ይለኛል። ክብደት አስገብቼ «መዝግብ» ስል ነው የሚቆመው። ክብ ነገር ይዞራል። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት ተነሥቶ በውርጭ የመጣ ሰው ባናውን ተከናንቦ ከፊቴ ቆሞ ያየኛል። ያልመዘገብሁለት ይመስለውና «ድገሚው» ይለኛል። ደግሜ ስጫን አንዳንዴ ሁለት ደረሰኝ ይወጣል። ያን ለማሰረዝ ሌላ ቀን ይፈጃል። አንዳንዴ ደግሞ ጠዋት ስልኩን ስከፍት ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆይና ፊደሉ ዘግይቶ ይመጣል።

ጓሳ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ የተናገሩት የእኛን የሦስት ቀን ክርክር ቋጨው።

ባሶና፣ 310 ሚሊሰከንድህ ከየት እንደመጣ ተመልከት። ከ100 ጥያቄ 95ቱ የዋጋ ገጽ ሆነው በ60 ሚሊሰከንድ ቢመለሱ፣ 5ቱ ደግሞ ምዝገባ ሆነው 5 ሰከንድ ቢፈጁ፣ አማካዩ 307 ነው። ያን ቁጥር የኖረው አንድም ሰው የለም። ገጾቹን ለያይና የእያንዳንዱን 95ኛ ፐርሰንታይል አውጣ፤ ማለትም ከ100ው 95ቱ ከዚህ በታች የጨረሱበትን ጊዜ።

ፐርሰንታይል ግን አይደመርም፣ አይካፈልም። የ60 ደቂቃዎችን 95ኛ ፐርሰንታይል አማካይ ብትወስድ የሰዓቱን 95ኛ አታገኝም። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው ቁጥር በየእርከኑ የወደቀው ብዛት ይሁን፤ ከ0.1 ሰከንድ በታች ስንት፣ ከ0.5 በታች ስንት፣ ከ1፣ ከ2.5፣ ከ5፣ ከ10 በታች ስንት። ብዛት ይደመራል። ከዚያ ፐርሰንታይሉን በፈለግኸው ጊዜ ገምተህ ታወጣዋለህ። ዝርዝሩን 30 ቀን ብቻ ይዘህ የሰዓቱን ብዛት ሁለት ዓመት ብታቆይ፣ አምናና ዘንድሮን በገበያ ወቅት ታነጻጽራለህ።

ነጩ ገጽ ደግሞ ከሰርቨሩ በኩል ፈጽሞ አይታይም። ሰርቨሩ ላከሁ ብሎ ሰዓቱን አቁሟል፤ ስልኩ ገና እያወረደ ነው። አሳሹ ራሱ የሚለካው ጊዜ አለ። ጉግል በ2020 ባወጣው መመዘኛ ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት፤ ይህም የሚታየው በ75ኛው ፐርሰንታይል ነው። አሳሹ ገጹ ሊደበቅ ሲል በቢከን (መልስ ሳይጠብቅ ከበስተ ጀርባ በሚላክ አጭር መልእክት) ወደ መተግበሪያህ እንዲልክልህ አድርግ፤ ቢከን ተጠቃሚውን አያስቆምም። ገጹ ሲዘጋ ልላክ ብለህ አትጠብቅ፤ ስልክ ላይ ሰው ወደ ሌላ መተግበሪያ ይሄዳል እንጂ አይዘጋም።

በረኸት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ለእትዬና ለባልደረቦቻቸው ሰሌዳውን የምታሳያቸው ከሆነ አንድ ብልሃት ልጨምር። ዳታቤዙ ውስጥ ጊዜውን በዓለም አቀፉ ሰዓት (በዩቲሲ) ተወው፤ አትንካው። የእኛ የሰዓት አጠራር ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በዚያ 12 ሲሆን እኛ 9 ሰዓት እንላለን። ስለዚህ ግራፋና ላይ የማሳያውን የሰዓት ሰቅ የሳኦ ፓውሎ ብታደርገው፣ ብራዚል በ2019 የበጋ ሰዓት መቀያየርን ስለተወች ዓመቱን ሙሉ ልክ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የሆነው 3 ብሎ ይታያል። ማታ 1 ሰዓት 13 ይሆናል፣ ሌሊት 8 ደግሞ 20። ቀኑም የሚቀየረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እኛ ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት የምንለው በሰኞ ሥር ይቀመጣል። እኔ ሸዋ ሮቢት ላሉ የማሾ ነጋዴዎች እንዲህ አድርጌ ሰጥቻቸው ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ባሶና | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

የትናንቱን የገበያ ቀን ሙሉ ለካሁት።

የዋጋው ገጽ 95ኛ ፐርሰንታይል 90 ሚሊሰከንድ። የመሐል ሜዳ ምዝገባ 8.4 ሰከንድ። ለካስ የደረሰኝ ቁጥር ለመስጠት በየጊዜው የቅርንጫፉን ደረሰኞች ከመጀመሪያው ጀምሬ አስቆጥራለሁ፤ ሠንጠረዡም በቅርንጫፍ ኢንዴክስ አልተደረገበትም። ብዙ ደረሰኝ ያለው መሐል ሜዳ ነው፤ እህል በገባ ቁጥር ቅጣቱ በእርሱ ላይ ይከብዳል። ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስጽፈው አሥር የሙከራ ደረሰኝ ብቻ ነበር። ዛሬ አስተካከልሁት፤ በዚያው የትናንት ጫና ስፈትነው 0.4 ሰከንድ ነው። እንዲሁም «መዝግብ» አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ሁለተኛውን መጫን አዲስ ደረሰኝ እንዳይቆጥረው አደረግሁ።

ነጩ ገጽ የፎንት ነገር ነው። የአማርኛውን ፎንት በሦስት ውፍረት ጭኜ ነበር፤ አሳሹ እንዲያስቀምጠውም ስላልነገርሁት በየጊዜው እንደገና ያወርደዋል። ትልቁ የገጹ ክፍል የሚታይበት ጊዜ በ75ኛው ፐርሰንታይል መሐል ሜዳ 6.2 ሰከንድ፣ ሸዋ ሮቢት 2.3። አንድ ውፍረት ብቻ ትቼ ለአንድ ዓመት እንዲቀመጥ አዘዝሁ። ፎንቱ እስኪደርስ በስልኩ ፊደል እንዲያሳይም አደረግሁ። ዛሬ በገቡት ጥቂት ሰዎች 3.1 ነው፤ 2.5 አልደረሰም፣ ሎጎውን ገና አላሳነስሁትም።

ሐሙስ መብራት ለሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጠፍቶ ነበር። የዚያ ጊዜ መስመር አሁን ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ሚዛን ያዥ፣ መሐል ሜዳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡05

ዛሬ 64 ሰው አስተናገድሁ፤ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ጨረስን። ሁለት ደረሰኝ የወጣለት የለም። ልጄ፣ ደረሰኙ ላይ የአያት ስም ረዘም ሲል ይቆረጣል፤ በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ገበሬዎች ደረሰኝ ተቀያይረው ሄደው ነበር፤ አስጠርቼ መለስኋቸው። እርሱንም እይልኝ።

ባሶና | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡12

እሺ እትዬ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። የተቆረጡትን ሁለት ስሞች በስልክ ይንገሩኝ፣ እዚህ አይጻፏቸው።